ወደ ጅቡቲ የሚያዩት ቪቲዎች

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሳሎንህን ወለል ላሳድስልህ ብላ አንድ ወጣት አናጢ ይዛ መጣች። እኔም ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ፤ ምንም ሳልሠራ ሁሉን ነቀፍኩ ማለት ነው። ልጁ ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲያንኳኳ ውሎ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቫርኒሹን ቆርቆሮ ከፈተ። ሽታው በረንዳው ላይ ሲደርስ ሳላስበው ተነሣሁ። ገብቼ ተንበረከክኩ፤ ሲጻፍ አንድ ቃል ነው፣ በእኔ ጉልበት ግን ረጅም ጉዞ ነው። ከዚያ አዲሱን ጣውላ በጣቴ አንጓ አንኳኳሁት።

«ምን ጠፋብህ አባባ?» አለኝ ልጁ።

«ይነሣል ወይ ይሄ?»

«ወለል እኮ ነው። ለምን ይነሣል?»

እውነቱን ነው። እኔም በዐሥር ዓመቴ ልክ እንደሱ ዐዋቂ ነበርኩ። በዚያ ዕውቀቴ ሰው ባሕር ውስጥ ላሰጥም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ድሬዳዋ ውስጥ ጀልባ ሲጠገን አይቻለሁ ስል ልጆቼ ይተያያሉ። ይተያዩ። ጀልባዋ የመጣችው በባቡር ነው፤ ጎን በሌለው ፉርጎ ላይ ተጭና፣ ሸራ ተከናንባ። ከዚራ ሰፈር የሚኖር ሙሴ ያኒ የሚባል የግሪክ ነጋዴ ጅቡቲ ላይ ያረጀች የሞተር ጀልባ ገዛ። ሆዷ ውስጥ ክፍል አላት፤ ሁለት አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ተጣጥፋ ግድግዳ ላይ የምትገባ ጠረጴዛ። ሁሉንም ጨው በልቶታል። ወለሉ ሲረገጥ እንደ ራሰ ዳቦ ይሰረጉድ ነበር። ሙሴ ያኒ ደግሞ «ከደምሴ በቀር እንጨቷን ማንም አይነካም» ብሎ ማለ።

ደምሴ አያቴ ነው፤ አባባ ደምሴ። የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎዎችን ወንበርና ወለል ሲሠራ ያረጀ አናጢ። ጅቡቲ ድረስ የሚሄዱ ፉርጎዎች ሠርቶ እሱ ግን ጅቡቲን አያውቃትም። ሙሴ ያኒ «እንውረድ» ቢለው «ሙቀቱን አልችለውም» አለ። የድሬ ሰው ሙቀት አልችልም ሲል አስቡት። እውነቱን እኛ ቤት ሁላችንም እናውቃለን፤ አባባ ውኃ ይፈራል። የደቻቱ ወንዝ በሞላ ጊዜ የከተማው ሰው ድልድዩ ላይ ተሰልፎ ጎርፉን ሲያይ፣ እሱ ፊቱን ወደ ሌላው ወገን አዙሮ ነበር የሚሻገረው። እምቢ ስላለ ጀልባዋ ወደሱ መጣች። ከጣቢያው ጀርባ ባለ የመጋዘን ግቢ፣ ኒም ዛፎች ሥር፣ በአሮጌ የሐዲድ እንጨቶች ላይ አስቀመጧት።

እኔ ትምህርት ቤት ተዘግቶልኝ ነበር። ጀልባዋን ባየሁ ቀን ክብ መስኮቶቿ ዓሣዎች ሰው የሚያዩባቸው መሰሉኝ። ከሆዷ በታች ቀይ ቀለም ስለተቀባች ደግሞ ቆዳዋ የተገፈፈ መስሎኝ እንዳያማት ብዬ በጣቴ ጫፍ ብቻ ነካኋት። ይህን የምነግራችሁ የነበረኝን የማስተዋል መጠን እንድታውቁልኝ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ጀልባዋ ከመምጣቷ ሁለት ዓመት በፊት ኮንትሮባንድ ፈታሾች አንድ ፉርጎ ውስጥ ገብተው የወለል ጣውላ አነሡ፤ ከሥሩ ጥቅል ጥቅል ጨርቅ ወጣ። ኮንትሮባንዲስቱ ቪቲውን፣ ያን ጠመዝማዛ ምስማር፣ በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ዕቃውን ከትቶ፣ ጣውላውን እንዲያው ጋደም አድርጎት ነበር። ፈታሹ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ሳለ ጮክ ብሎ «ይሄን ወለል ማን ነው የሠራው?» አለ። አባባ «እኔ» አለ። ፈታሹ አንገቱን ነቅንቆ አለፈ፤ ማንም አልከሰሰውም። ግን ድሬ ናት፤ ቅጽል ስም ለማውጣት አንድ ቀን ይበቃታል። በማግስቱ «ደምሴ ልል» ተባለ። እሱም በሳምንቱ ሽርጡን አውልቆ ወደ ቤት ገባና ጡረታ ወጣሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ማጥበቅ ጀመረ። የቤታችን በር፣ አልጋ፣ መደርደሪያ ሁሉ ጠበቀ። የጨው ሣጥናችን ክዳን ሳይቀር ቪቲ ገባበት፤ እናቴ ወጥ ልትሠራ ስትል ካቻቢቴ ትጠይቅ ነበር።

ጀልባዋን ከጅቡቲ ይዟት የመጣው ናኹዳ ጉሌድ ነው። ናኹዳ የሚሉት መርከብ የሚመራውን ነው። ቀጭን፣ ረጅም ሱማሌ፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ በባዶ እግሩ የጋለ ሐዲድ ላይ የሚቆም። አማርኛ አያውቅም። አባባ ደግሞ ሱማሊኛ አያውቅም፤ ከአማርኛ ሌላ የሚያውቀው የመሣሪያ ስም የሆነ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ድሬ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ አስተርጓሚ ነው። እኔን ልዩ የሚያደርገኝ ንግግሩን ማሻሻሌ ነበር። መጋላ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ሲሰዳደብ መሐል ገብቼ አመሰጋግናቸው ነበር። ለአንዱ የተባለውን ስድብ ምርቃት አደርገዋለሁ፣ ሁለቱም ግራ እየገባቸው ይስማማሉ፣ እኔ ቴምር እበላለሁ። ይህ ሥራ ጥሩ እንጀራ ነው ብዬ አምን ነበር።

ጉሌድ ወደ ጅቡቲ በሚመለስበት ቀን ሦስታችን ጀልባዋ ውስጥ ቆምን። አሮጌው ወለል ገና አልተነሣም። ጉሌድ በእግሩ ጣት የአንዱን ጣውላ ጫፍ ብድግ አደረገውና ለቀቀው። ጧ አለ።

«ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ለሽማግሌው ንገረው» አለኝ በሱማሊኛ። «አዲሱን ወለል በምስማርም በቪቲም እንዳይመታው። ጣውላው ሁሉ በእጅ የሚነሣ ይሁን። ከሥሩ ያለው ቦታ ባዶ ይሁን። ይሄን ወለል የሚመታ ሰው ደሜር ነው በለው።»

ደሜር አህያ ነው። ስድቡን ለምጄዋለሁ፤ ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። በእጅ የሚነሣ ጣውላ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ። ዐሥር ዓመቴ ቢሆንም የድሬ ዐሥር ዓመት ነው። በእጅ የሚነሣ ጣውላ ሥር ምን እንደሚቀመጥ ጠንቅቄ ዐውቃለሁ፤ ጨርቅ፣ ሲጋራ፣ ሽቶ። ይሄ ሰውዬ አያቴን የኮንትሮባንድ ሣጥን ሊያሠራው ነው። ፈታሾቹ ይመጣሉ፣ ያነሡታል፣ ማን ነው የሠራው ይላሉ።

«ምን አለ?» አለ አባባ።

ፈጠን ብዬ መለስኩለት። «እጅህ ይባረክ አለ። እንደምታውቀው አጥብቀህ ሥራው አለ።»

አባባ ቀና አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ቆቡን አወለቀ። ጉሌድ እሺታ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ተጨባበጡ። ጉሌድ ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ፣ እኔም የአያቴን ክብር ስላዳንኩ ይገባኛል ብዬ በላሁት።

ሥራው ተጀመረ። አባባ አሮጌውን ወለል ሲያነሣ እየሳቀ ነበር። «ተመልከት እነዚህን የባሕር ሰዎች» ይላል፣ «አንድ ቪቲ እንኳ አላስገቡበትም። ስንፍና።» ለአዲሱ ወለል ከተጣሉ የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ያተረፈውን ጥቁር ቀይ ጣውላ አወጣ። በመላጊያ ሲገፋው ቅርፊቱ እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ እግሬ ላይ ይወድቃል። የእኔ ሥራ ቪቲዎቹን ሳሙና መቀባት ነበር፤ ሳሙና የተቀባ ቪቲ እንጨቱን ሳይሰነጥቅ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የምንሠራው። ከአምስት ሰዓት በኋላ የጀልባዋ ሆድ ምድጃ ይሆናል። በዚያ ጠባብ ቦታ የቫርኒሽ፣ የሳሙና፣ የአያቴ ላብና የአሮጌ ጨው ሽታ አንድ ላይ ይቀመጣል።

አባባ አራት አምስት ቪቲ በከንፈሩ ይዞ ያንጎራጉራል። አንዱን ሲጨርስ የቪቲው ራስ ላይ ያለችው ጭረት ከሐዲዱ ጋር ካልተስተካከለች አይለቀውም። «ሁሉም ወደ ጅቡቲ ይይ» ይላል። ሁሉም ወደ ጅቡቲ አየ። በግድግዳው ጥግ ያለችውን ክፍተት ሳይቀር በስቱኮ ደፈናት። ከዚያ የብረት ኳስ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም።

በዚያ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ደቻቱ ከሩቅ ሲያጉረመርም ተሰማ፣ ሰው ወደ ድልድዩ ሮጠ፣ አባባ ደግሞ ወደ ጀልባዋ። የአንዱ መስኮት ጎማ ገና አልገባም ነበርና ውኃው በአልጋው ጀርባ ወርዶ ነበር። በነጋታው ያየነውን ሁሉ በጨርቅ አደረቅን። አባባ ረክቶ ወጣ። እኔ ከአልጋው ላይ ዘልዬ ወለሉ ላይ ዐረፍኩ፤ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ከእግሬ ሥር ቿ አለ።

ቆምኩ። እንደገና ቀስ ብዬ ዘለልኩ። ቿ። ውኃው ከወለሉ ሥር ነው። አባባ አልሰማውም፤ መዶሻ ጆሮውን ከወሰደው ቆይቷል። በአራት እግሬ እየዳህኩ ውኃው የሚወጣበት ቀዳዳ ፈለግኩ። አያቴ ግን ቀዳዳ የሚተው ሰው አይደለም። መርፌ የሚያስገባ ቦታ የለም። ባዶ ቦታ፣ በእጅ የሚነሣ ጣውላ። ጉሌድ ጣውላውን በእግሩ ጣት ሲያነሣው እንዴት እንደነበረ ትዝ አለኝ፤ ሰው ወጡ እንዳያር ክዳን ከፍቶ እንደሚያየው ነበር ያነሣው። አንድ ቀን ዝናብ ይሄን ካደረገ ባሕር ምን ሊያደርግ ነው? ጨርቅ ሊደብቅ አልነበረም እንዴ ሰውዬው?

ያን ጊዜ ገባኝ። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ምግብ የሚያስጠላኝ ያህል ገባኝ።

ጉሌድ እስኪመለስ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ለመናገር ሞከርኩ። «አባባ» አልኩት ከቫርኒሹ ቡሩሽ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ «አንዱን ጣውላ ብቻ ቪቲውን ፈትተን ብንተወውስ?»

ቡሩሹን አቆመ። «ልል?» አለኝ።

ቫርኒሹን መቀባት ቀጠለ። እኔም ቆርቆሮውን ያዝኩለት።

ይባስ ብሎ ሰው መምጣት ጀመረ። የቀድሞ የሥራ ጓደኞቹ፣ ያን ስም ያወጡለት ራሳቸው፣ ጫማቸውን እያወለቁ ይገባሉ። «ደምሴ፣ አቦ ይሄ ወለል አይደለም፣ መስተዋት ነው» ይላሉ። በጥፍራቸው መገጣጠሚያውን ፈልገው ያጣሉ። አባባ እየለመለመ ሄደ። ጢሙን ተላጨ፣ በጣቢያው በኩል ዞሮ መሄድ ጀመረ። እሱ በተመሰገነ ቁጥር እኔ ሆዴን ያመኛል። እናቴ ትል ነው ብላ ኮሶ አጠጣችኝ። ለማይናገር ልጅ የሚሰጥ መድኃኒት ቢኖር ኖሮ ያን ትሰጠኝ ነበር፤ ኮሶው ግን የራሱን ሥራ ብቻ ሠርቶ ሄደ።

ጉሌድ በጠዋቱ ባቡር መጣ። ጀልባዋ በስድስት ሰዓት ፉርጎ ላይ ትጫናለች፣ በዘጠኝ ሰዓት የዕቃው ባቡር ይዟት ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ጉሌድና የሙሴ ያኒ ሁለት ወንዶች ልጆች በባሕር ታጁራ ድረስ ሊሄዱባት ነበር። ገባ። አልጋዎቹን ነካ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ዘጋ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ታች አየ። በተረከዙ መታ። ወደ ጥግ ሄዶ መታ። ፈገግታው ጠፋ። ተንበርክኮ ከወገቡ ቢላዋ አወጣና ጫፉን መገጣጠሚያው ላይ አደረገ።

አባባ መዶሻውን አነሣ። «ቢላውን ያንሣ በለው።»

«ዋርያ፣ ሽማግሌውን ጠይቀው» አለ ጉሌድ ቀና ሳይል። «እንዳይመታው አላልኩም ወይ?»

«ምን አለ?» አለ አባባ።

ሁለቱም እኔን አዩ። የቢላዋው ጫፍ ቫርኒሹን ሊነካ አንድ ፀጉር ነው የቀረው። መዶሻው አየር ላይ ነው። ማሻሻል የምችለው ነገር ፈለግኩ፤ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ፈለግኩ። አልተገኘም።

«እንዳይመታው ብዬ ነግሬው ነበር አለ» አልኩ። «ያኔ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩህ። በእጅ የሚነሣ ይሁን ነበር ያለው። ኮንትሮባንድ ሊያስቀምጥበት መስሎኝ ነው። ፈታሾቹ መጥተው እንዳይጠይቁህ ብዬ።» ትንፋሼ አልቆ ነበር። «ሥሩ ውኃ አለ አባባ። ሰምቼዋለሁ።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። መዶሻውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት።

«ጠይቀው» አለ። «ካልተከፈተ ምን ይሆናል በለው።»

ጠየቅኩ። ጉሌድ መለሰ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀንስ ሳልጨምር ተረጎምኩ፤ «ጀልባ ሁሉ ውኃ ያስገባል። ውኃው ከታች ይጠራቀማል፣ በባልዲ ይጨለፋል። ካልተከፈተ ውኃው ሞተሩ ጋ እስኪደርስ አይታይም። ሞተሩ ከጠፋ ማዕበሉ ጎኗን ይመታታል። ያኔ አለቀ።»

አባባ ወለሉን አየው። ከዚያ ራሱን ወደ ጣውላው ዝቅ አድርጎ ደህና የሚሰማበትን ጆሮውን ለጠፈበት፣ «ዝለል» አለኝ። ዘለልኩ። ፊቱ ተለወጠ። ውኃ የሚፈራ ሰው ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ላይ ተንበርክኮ ሲሠራ እንደነበረ ያኔ ነው የሰማው።

«ካቻቢቴ አምጣ» አለ። «ሁለት።»

አንዱን ለጉሌድ ሰጠው። አንዱ ከበሩ በኩል፣ አንዱ ከአልጋው በኩል ተንበርክከው ይፈቱ ጀመር። ውጭ የክሬኑ ሰዎች ሰንሰለት እያንኳኩ ነው። ሙቀቱ ዓይን ያጠፋል። ላባቸው ቫርኒሹ ላይ ይንጠባጠባል። ወደ ጅቡቲ የሚያዩት ቪቲዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ወጡ፣ እኔ በቆርቆሮ እሰበስባለሁ።

ጉሌድ እየፈታ ያጉረመርማል።

«ምን አለ?»

«ደሜር ነው አለ።»

«ማንን?»

«አንተን አባባ። የሚመታው ሰው ደሜር ነው ብሎ ነበር።»

«ልክ ነው በለው። አስተርጓሚውም ውርንጭላ ነው በለው።»

ነገርኩት። ጉሌድ ሳይስቅ ራሱን ነቀነቀ። «ሃዬ» አለ፣ «ውርንጭላው ይብሳል።» እሱንም ተረጎምኩ።

የወለሉን ዐሥራ ሁለት ጣውላ ሁሉ ነፃ ሲያወጡ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ውኃውን ለመጨለፍ ጊዜ አልተረፈም። አባባ በየጣውላው ጫፍ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አወጣ። ቀዳዳዎቹ አስቀያሚ ነበሩ። ጥሬ እንጨታቸው ከቫርኒሹ መሐል እንደ ቁስል ይታያል። ጣውላዎቹን መልሶ ሲያስቀምጣቸው ጧ፣ ጧ አሉ። ልል ነበሩ።

ክሬኑ ጀልባዋን ፉርጎው ላይ ሲያስቀምጣት ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ያን ጊዜ ፈታሾቹ መጡ። ከከተማው የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ይታያል። የበፊቱ ፈታሽ አይደለም፣ ከሸገር የመጣ፣ አንቱ የሚል ወጣት ነው። መሰላል ወጥቶ ገባ። አባባ ተከትሎ ወጣ፣ እኔና ጉሌድም። የባቡር ወርክሾፑ ሠራተኞች፣ የአባባ የድሮ ጓደኞች፣ ምሳ ጨርሰው ሐዲዱ ዳር ቆመዋል፤ መስኮቶቹ ክፍት ስለሆኑ ሁሉም ይሰማል።

ፈታሹ አንድ እርምጃ ተራመደ። ጣውላው ጧ አለ። ቆመ። ሌላውን ረገጠ። ጧ። ወደ ታች አየ፣ ጣት የምታስገባዋን ቀዳዳ አየ።

«ይሄን ወለል ማን ነው የሠራው?»

ውጭ ካሉት አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲሞክር ሰማሁ። የአባባ አንገት ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታየኛል። ይሄን ጥያቄ እንዳይሰማ ነበር የዋሸሁት፤ እነሆ በእኔው ጥረት በእግሩ መጣለት። እኔ ነኝ ልል አሰብኩ። ዐሥር ዓመቴ ነው፣ አናጢ ነኝ ብል ማን ያምነኛል።

«እኔ ነኝ» አለ አባባ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ። «ደምሴ ነኝ። ጠብቆ ነበር፣ ሆን ብዬ አላላሁት።»

«ለምን አባቴ? ሥሩ ምን አለ?»

«ክፈተውና እይ።»

ፈታሹ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ፣ ጣቱን አስገብቶ ጣውላውን አነሣ። ሥሩ ጨለማ ነው። እጁን ሰደደና በርግጎ አወጣው፤ እስከ አንጓው ረጥቧል።

«ውኃ ነው» አለ።

«ውኃ ነው። ያንንም ክፈተው።»

«ይበቃል፣ አይቻለሁ...»

«ክፈተው።»

ከፈተው። አባባ ከአጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውኃ ፊት ለፊት እያየ። ሦስተኛውን አሳየው፣ አራተኛውን አሳየው። ውጭ የሚሳል ሰው የለም። ባቡሩ አንድ ጊዜ ጮኸ። ፈታሹ በላብ ተጠምቆ ዐሥራ አንደኛውን መለሰና ወረቀቱን አውጥቶ ፈረመ።

«ጨርሰናል አባቴ፣ ባቡሩ ይሂድ» ብሎ ሊነሣ ሲል አባባ ትከሻውን ይዞ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«አንዱ ቀርቷል» አለ።